ፊልምን በቤት ስለ መቅዳት

ሰው ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቆጥሮ ይመልሳል፤ ምሽቱን በምን ላይ እንዳዋለ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጥረዋል። የጠፋ ገንዘብ ሠርተው ይተኩታል፤ ያለፈ ምሽት ግን በማናቸውም ዋጋ ተመልሶ አይገዛም። ስለዚህ ትንሽ የሚመስል ሥራ እንኳ ብዙ ምሽት የሚበላ ከሆነ፥ ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ መመርመር የግብረ ገብ ነገር ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ሥራ ፊልምን በቤት መቅዳት ነው። ይኸውም በአሮጌ የቪዲዮ ካሴት፥ በቪሲዲና በዲቪዲ ላይ ያለውን ፊልም እቤት ተቀምጦ ወደ ኮምፒዩተር፥ ከዚያም ወደ ሃርድ ዲስክ ማዛወር ማለት ነው። እኔ ከአስተማሪነት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩትን የቀድሞ ተማሪዎቼን እየዞርሁ እጠይቃለሁ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ከተጠቃለሉት መካከል ናቸው፤ ነገር ግን ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ስለሚገኙ ኑሯቸውም አየራቸውም ይለያያል። በሦስቱም ስፍራ ይህ የመቅዳት ነገር ሲነሣ ሰማሁ፤ በሦስቱም ቤት ግን ፍሬው አንድ ዓይነት አልነበረም።

አስቀድመን ድካሙን እንቁጠር። የቪዲዮ ካሴት የሚቀዳው በሚታይበት ፍጥነት ነው፤ የሁለት ሰዓት ካሴት ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሃምሳ ካሴት ያለው ሰው በየማታው አንድ አንድ ቢቀዳ ሃምሳ ማታ፥ በጠቅላላው 100 ሰዓት ይሄድበታል። ዲቪዲ ከዚህ ይቀላል፤ ተራው ዲቪዲ የሚይዘው እስከ 4.7 ጊጋ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገለበጣል፤ 1,000 ጊጋ የሚይዝ ሃርድ ዲስክም እንዲህ ያለውን ዲቪዲ ወደ 200 ያህል ያኖራል። ቪሲዲ ደግሞ የሚይዘው ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ አንዱ ፊልም በሁለት ሲዲ ተከፍሎ ይገኛል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማገጣጠም ያስፈልጋል። በዚህም ላይ መብራት በመካከል ሲጠፋ የተጀመረው ሁሉ ከንቱ ይሆንና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ያረጀ ካሴት ሻጋታ አብቅሎ ዴኩን ያበላሻል፤ የተቧጨረም ሲዲ ከመካከል ላይ ቀጥ ይላል። እንግዲህ ድካም የለበትም የሚል ሰው ሥራውን ያልሞከረው ሰው ነው።

ይህን ድካም ያዩ ሰዎች፥ «ለምን ትለፋለህ? ዛሬ ፊልም በዲሽም በስልክም ይገኛል፤ የቀዳህበትም ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል» ይላሉ። ይህ አነጋገር በብዙው እውነት ነው። በዓለም ሁሉ የታወቀ የህንድ ወይም የአሜሪካ ፊልም እኛ ባንቀዳው አይጠፋም፤ ጠባቂ አለው፥ ሻጭም አለው። ሃርድ ዲስክም ቢሆን የሚሽከረከር ዕቃ ነውና ወድቆም ሆነ አርጅቶ መሰበሩ አይቀርም።

በሰበታ ያየሁት ነገር ይህንኑ ያስረዳል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ፥ ሥራ የማይሰለቸው ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ በየማታው ከጓደኞቹ የተዋሰውንና በየጊዜው የገዛውን ዲቪዲ ሁሉ ይቀዳል። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ ከ900 የሚበልጥ ፊልም በፊደል ተራ ደርድሮ በደስታ አሳየኝ። እኔም፥ «ልጄ፥ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን አየኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ገና ነኝ ጋሼ፤ አስቀድሜ ቀድቼ ልጨርስ ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ስንነጋገር የሰባት ዓመት ልጁ መጥታ፥ «አባዬ፥ ዛሬ አንዱን እንይ» አለችው። እርሱም፥ «እየቀዳ ነውና አትንኪው፤ ነገ እናያለን» ብሎ መለሳት። ልጅቱ ምንም ሳትመልስ ቴሌቪዥን ለማየት ወደ ጎረቤት ቤት ሄደች። እናትየዋ ቡና እየቀዳች፥ «ይህ ነገ የሚባለው ሁለት ዓመት ሆነው» አለች፤ ተማሪዬም ሳቀ፥ እኔ ግን አልሳቅሁም።

አባቶቻችን፥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ስስታምም አይደለም፤ የቀዳውን ለጠየቀው ሁሉ ያሳያል። ጉድለቱ መምረጥን መተዉ ነው። ሁሉን የሚቀዳ ሰው የትኛው እንደሚሻል አስቦ ለመወሰን ያልፈለገ ሰው ነው፤ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የተባለውም ስለዚሁ ነው። ማከማቸት ማየትን፥ ማየትም አብሮ መቀመጥን የሚተካ መስሎ ስለሚታይ፥ ሰው የደከመ ሁሉ የጠቀመ ይመስለዋል። ከቤቱ የጎደለው ግን ከልጁ ጋር የሚቀመጥበት አንድ ምሽት ነበረ፤ ያም ምሽት በሃርድ ዲስክ አይቀመጥም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ፍርዱ ያደላ ይሆናል። ከማንም ዘንድ የማይገኝ ነገር አለና።

በአሜሪካ አገር ድምፅ አልባ በሆነው የሲኒማ ዘመን ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ፊልሞች ተሠርተው ነበር። የዚያ አገር የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ያሳተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ በወጡበት መልክ ሳይጎድሉ የተገኙት 14 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። እነዚያ ፊልሞች በዘመናቸው በየከተማው የታዩ፥ ብዙ ገንዘብ ያስገኙ ነበሩ፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ያየው ነገር አይጠፋም የሚለው ተስፋ ከንቱ ነው። እንዲህ ያለ ባለጠጋ አገር ይህን ያህል ካጣ፥ የእኛ አገር ፊልም እንደምን ይሆን? በ1957 ዓ.ም. ከታየው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ከሚለው ፊልም ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ፥ በኋላም በቪዲዮ ተቀርጸው በካሴትና በቪሲዲ የተሸጡት የአማርኛ ፊልሞች፥ ብዙዎቹ የሚገኙት በሰው ቤት በቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ለዓለም የምትሰጠው ምስክር አላት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በሌላው ቋንቋ የተረፈው ቁርጥራጭና ከፊሉ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ቅጂዎቹን ይዞ ባይሄድ ኖሮ የዚያ አገር ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሳያነቡት በቀሩ ነበር። መጽሐፉን ያቆየው ግን ብሩስ አይደለም፤ ስማቸው ያልታወቀ ቁም ጸሐፊዎች ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ በየዘመኑ አንዱ ከሌላው እየገለበጡ ነው ያቆዩት። በኋላም ከ1973 ጀምሮ፥ ማለት በእኛ በ1960ዎቹ አጋማሽ፥ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በየገዳሙና በየደብሩ በማይክሮፊልም እየተነሡ ሲቀዱ፥ ወደ 9,000 የሚሆኑት ለመጠበቅ በቁ። ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በሚገኝ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የእነዚህን ዝርዝር በማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደከሙ። እነዚያ ሰዎች ለሌላው ሥራ ሊያውሉት የሚችሉትን ጊዜ በመቅዳት ላይ አዋሉት፤ ድካማቸውም ከንቱ ነበር የሚል ማንም የለም።

ምናልባት አንባቢ፥ «ከብራና መጻሕፍት ጋር የእኛን የሠርግ ካሴት ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። እኔ የሚያገናኘው አለ እላለሁ፤ በቡራዩ ያገኘሁትንም ልንገር።

በቡራዩ የአንድ ተማሪዬ እናት ባላቸው ከሞቱባቸው አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ከአልጋቸው ሥር በካርቶን አሥራ አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ዴካቸው ግን ከተበላሸ ብዙ ጊዜ ሆነው። ልጃቸው ደኅና ዴክ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ደጅ ጠና፤ በዓለም ላይ የመጨረሻው የዴክ አምራች የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንኳ በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር መሥራቱን አቁሟልና፥ ያለው አሮጌው ብቻ ነው። በመጨረሻ ከአንድ ዘመዳቸው ቤት ተገኘ። ልጁ፥ «ሁሉንም እንቅዳው» አለ። እናቲቱ ግን ካርቶኑን ከፊታቸው አድርገው አንድ በአንድ አወጡ፤ ስምንቱ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ኳስና ዜማ ስለሆነ ወደ ጎን አደረጉት። የቀሩት ሦስቱ፥ የራሳቸው ሠርግ፥ የልጃቸው ክርስትና፥ ባላቸውም በመሥሪያ ቤታቸው በዓል ላይ ንግግር ያደረጉበት ነበሩ። «የእሱ ድምፅ ያለው በእነዚህ ብቻ ነው» አሉ።

ሥራው ሦስት ማታ ፈጀ። ካሴት በሚታይበት ፍጥነት ስለሚቀዳ ማንም ሊጣደፍ አልቻለም፤ ስለዚህ እናትና ልጅ ተቀምጠው አዩት። በሠርጉ ላይ እልል የሚሉትን ሴቶች፥ ከሙሽራው ኋላ የሚሄዱትን ሚዜዎች ልጁ ብዙዎቹን አያውቃቸውም ነበር። እናቲቱ እየጠቆሙ፥ «ይህች የአባትህ አክስት ናት፤ ይህ በጦርነቱ የቀረው ነው፤ ይህች ያንተን ስም ያወጣችው ናት» ሲሉት እርሱ በደብተር ይጽፍ ነበር። በሁለተኛው ካሴት አራት ደቂቃ ያህል ሥዕሉ ጠፍቶ ጥልጥል ብቻ ሆነ፤ ያም ሳይመለስ ቀረ። በሦስተኛው ማታ ሟቹ ተነሥተው ንግግራቸውን ሲጀምሩ እናቲቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፥ ልጁም ድምፁን ከፍ አደረገው። ከዚህ በላይ ስለዚያ ማታ የምጨምረው የለኝም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በሰበታ ያየነው ድካም ከማየት የሚከለክል ነበር፤ በቡራዩ ያየነው ግን ማየትን የሚያስገድድ ነበር። እኔ በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ለሁላችን ስለማይደርስ፥ አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈልንን በደብተራችን እንገለብጥ ነበር። ያን ጊዜ የገለበጥሁትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በኋላ በማባዣ ተባዝቶ የታደለኝን ወረቀት ግን ርእሱን እንኳ አላስታውስም። በእጅና በዓይን ቀስ ብሎ የሚሠራ ቅጂ ከወረቀቱ ሌላ በቀጂው ልቡና ውስጥ ሁለተኛ ቅጂ ይተዋል። የድካሙ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ያለው በዚያ ሁለተኛ ቅጂ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሦስተኛው ነገር፥ ወደ መብት እንሂድ። በሱሉልታ አንድ ተማሪዬ ሁለት የወተት ላሞች አሉት፤ በወጣትነቱ የገዛቸው የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎችም አሉት። ሲዲዎቹ እየተቧጨሩ ስለሄዱ ለቤቱ ቀዳቸው። ይህን የሰሙ ጎረቤቶች ፍላሽ እየያዙ መጡ፤ መጀመሪያ በነጻ ሰጠ፥ በኋላ ጥቂት ብር ተቀበለ። ከዚያም ሕሊናው ስለ ወቀሰው፥ «ጋሼ፥ ይህ ነውር ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፥ ማንም ሰው የታተመ ሥራን ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለ መብቱ ሊከለክለው እንደማይችል በዘጠነኛው አንቀጽ ይደነግጋል፤ ቅጂው የባለ መብቱን ተገቢ ጥቅም የሚጎዳ ሲሆን ግን ይህ ፈቃድ አይሠራም። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 በሶኒ ኩባንያ ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፥ ሰው በቴሌቪዥን የሚታየውን በኋላ ለማየት ሲል በቤቱ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም ብሏል። እንግዲህ ሲዲውን ለቤቱ መቅዳቱ ነውር የለበትም። ለሌላው አባዝቶ መስጠት ግን፥ በነጻም ቢሆን፥ ለራስ ብቻ ከሚለው ወሰን ይወጣል፤ ገንዘብ መቀበል ደግሞ ይብሳል።

ተማሪዬ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። «ጋሼ፥ እኔ ብሰጥ ከባለ ፊልሙ ምን ይጎድልበታል? ሲዲው ከገበያ ከጠፋ ስንት ዓመቱ! የሚሸጠው ሰው የለም» አለኝ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። በአየርላንድ አገር በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮሎምባ የተባለው መነኩሴ የመምህሩን መዝሙረ ዳዊት በስውር ገልብጦ በንጉሥ ፊት ተከሰሰ ይባላል፤ ንጉሡም ጥጃ ከላሟ እንደማይለይ ሁሉ ቅጂውም ከመጽሐፉ ባለቤት አይለይም ብሎ ፈረደ ይላሉ። እኔም ለተማሪዬ ይህን ከነገርሁት በኋላ፥ «ሌሊት አንድ ሰው ላምህን አልቦ ቢሄድ፥ ላሚቱ በረት ውስጥ ስላለች ምን ጎደለብህ ቢልህ ምን ትለዋለህ?» አልሁት። እርሱም ሳቅ ብሎ፥ «ላሚቱን የረሳት ሰው ቢሆንስ?» አለኝ። መልሱ ብልህ ነው፤ የተረሳ ሀብት ግን ባለቤቱ ስለረሳው የሌላ ሰው አይሆንም። ስለዚህ፥ «ቅጂህን ጠብቀህ አኑር፤ ባለ ፊልሙ ወይም ወራሹ አንድ ቀን ቢፈልገው ካንተ ዘንድ ያገኘው፤ ጎረቤትህንም ፍላሽ ይዞ ከሚመጣ ይልቅ ቡና ጠጥቶ አብሮህ እንዲያይ ጥራው» ብዬ መከርሁት። ይህ ምክር የሚያሳጣው ጥቂት ብር ነው፤ የሚያስገኝለት ደግሞ ጎረቤት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ትኖር የነበረች ማሪዮን ስቶክስ የምትባል ሴት፥ በ2012 በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ከ30 ዓመት በላይ የቴሌቪዥን ዜና ሌትና ቀን በቤቷ ስትቀዳ ኖራለች፤ ካሴቶቿም ወደ 70,000 ደረሱ። በሕይወቷ ሳለች ብዙ ሰው አልተረዳላትም፤ ከሞተች በኋላ ግን የታሪክ መዝገብ ጠባቂዎች ተቀብለዋታል። «እንግዲያስ ሁሉን መቅዳት መልካም አይደለምን?» ቢባል፥ እርሷም መርጣ ነበር እላለሁ። የመረጠችው ጣቢያዎቹ ራሳቸው ጠብቀው የማያኖሩትን ዜና ነው፤ ለምን እንደምትቀዳም ታውቅ ነበር። የሰበታው ወዳጄ የሚቀዳው ግን በሺህ ቤት የሚገኘውን ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ፊልምን በቤት መቅዳት ለድካም የሚገባ የሚሆነው ሦስት ጥያቄ ሲመለስ ነው። አንደኛ፥ ይህ ነገር እኔ ባልቀዳው ከሌላ ቦታ ይገኛልን? የሚገኝ ከሆነ ምሽትህን ለቤተ ሰብህ አውለው። ሁለተኛ፥ ከቀዳሁት በኋላ ማን ያየዋል? የሚያየውን ሰው በስሙ ልትጠራው ካልቻልህ ገና አልደረሰም፤ ቆይ። ሦስተኛ፥ የማን ድካም ነው? የሌላ ሰው ከሆነ ለራስህ አንድ አድርገህ በዚያ ላይ ቁም።

ለመቅዳት የወሰነ ሰውም ሥራውን በደንብ ይሥራው። በመጀመሪያ የሚጠፋውን ያስቀድም፤ ካሴት ከዲቪዲ በፊት፥ በቤት የተቀዳ ዲቪዲም ከፋብሪካ ከወጣው በፊት ይምጣ፤ በቤት የሚቀዳበት ሲዲ ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ ይበላሻልና። ቀጥሎ ቀኑን፥ ቦታውንና የሚታዩትን ሰዎች ስም ጽፎ አብሮ ያኑር፤ ስም የሌለው ሥዕል ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማንም አይደለም። በመጨረሻም ሁለት ቅጂ አድርጎ የቤቱን ነገር አንዱን በራሱ፥ አንዱን በወንድሙ ወይም በእኅቱ ቤት ያስቀምጥ፤ የማይክሮፊልሙም ነገር የተጠበቀው በሁለት አገር በመቀመጡ ነውና።

እነሆ፥ በሦስቱ ከተሞች ያለው ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፤ ዴክ፥ ኮምፒዩተርና ሃርድ ዲስክ ነው። የሰበታው ሰው እስካሁን ይቀዳል፤ ልጁም ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። የምመክረው በሚመጣው ቅዳሜ ማታ መቅዳቱን አቁሞ፥ ከዘጠኝ መቶው አንዱን ልጁ እንድትመርጥ እንዲያደርግ ነው፤ እርሱ ለመምረጥ ቢቸግረው እርሷ አይቸግራትም።